በመምህርቷ ስም የመጣው መኪና

ትራንዚተር ነኝ፤ በአማርኛ የጉምሩክ አስተላላፊ ይሉናል። ሥራው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ከውጭ የተገዛ ዕቃ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ከጉምሩክ ጋር አይጨራረስም፤ እንደ እኔ ፈቃድ ያለው ሰው ይወክላል። እኔ ሰነዱን አገላብጬ አያለሁ፤ ዕቃው በየትኛው የታሪፍ ቁጥር እንደሚመደብ፣ ምን ያህል ቀረጥ እንደሚጣልበት ለይቼ ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም ዕቃው ለጉምሩክ የሚገለጽበትን ቅጽ፣ እሞላለሁ፤ ከሥሩ እፈርማለሁ። ፊርማዬ «ይህ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው» ማለት ነው።

በተለይ የታወቅሁት በመኪና ነው። የሻንሲ ቁጥሩን፣ የተመረተበትን ዘመን፣ የሞተሩን ዓይነት እያየሁ የትኛው መኪና የት እንደሚመደብ መጽሐፍ ሳልገልጥ እናገር ነበር። አዳማ ያሉ አስመጪዎች «የደረጄ ሰነድ አይመለስም» ይሉኛል፤ እኔም ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል። ዐሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ከሰነዱ ጀርባ ያለውን ሰው በአካል አይቼ የማውቀው ግን ከስንት አንዴ ነው። ማየት ያለብኝም አይመስለኝም ነበር። ወረቀቱ ከተሟላ ለእኔ ሁሉም ነገር የተሟላ ነው።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በአንድ የግንቦት ሐሙስ ነው።

ቴዲ የሚባል ደንበኛ ነበረኝ። መኪና አስመጪ ነኝ ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ደላላ ነው። ከሥራዬ ግማሹን ያህል የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ከሚያመጣቸው ፋይሎች መካከል አልፎ አልፎ የአካል ጉዳተኞች ፋይል ይኖርበታል። አካል ጉዳተኛ የሆነ ሰው ራሱ የሚነዳውን፣ ለጉዳቱ እንዲስማማ የተሠራ መኪና ከቀረጥ ነፃ ማስገባት የሚችልበት መብት አለ። የመኪና ቀረጥና ታክስ እኛ አገር እንዴት እንደሚከብድ የማያውቅ ስለሌለ የዚህን መብት ትልቅነት ማብራራት አያስፈልገኝም። የሐኪም ቦርድ ማስረጃ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ውክልና፣ የመኪናው ሰነድ፤ እነዚህ ከተሟሉ እኔ ሞልቼ እፈርማለሁ።

የዚያን ሐሙስ ጠዋት ከሞጆ ተደወለልኝ። የደወለችው ወይዘሮ ሐያት ናት፤ የዕቃ ፈታሽ። ለረጅም ጊዜ የምንተዋወቅ፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ግን የያዘችውን የማትለቅ ሴት ናት። ጫልቱ በምትባል አካል ጉዳተኛ ስም የመጣው፣ ቴዲ የሰጠኝ መኪና ፋይል ጠረጴዛዋ ላይ እንዳለ ነገረችኝና ባለመብቷ በአካል ቀርባ መኪናው ላይ ሳትቀመጥ እንደማትለቅ ገለጸችልኝ። ውክልና አለን ብል፣ ውክልናው መኪናውን ለመረከብ እንጂ እግርን ለመወከል አይሆንም አለችኝ። ወዲያው ለቴዲ ደወልኩ።

ቴዲ አዲስ አበባ ነበር። ትንሽ ተናደደ፤ ከዚያ ሴትየዋ መልካሳ አስተማሪ መሆኗን ነግሮኝ ስልኳን ላከልኝና ራሴ ሄጄ እንዳመጣት ለመነኝ። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት፣ «ብዙ ነገር አታውራት፤ በቀላሉ የምትረበሽ ሰው ናት» አለኝ። አባባሉ ገረመኝ እንጂ አላሰብኩበትም።

ከአዳማ መልካሳ ሩቅ አይደለም። ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ ነድቼ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ሁለት ክራንች የያዘች ሴት ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆናታል። ሁለቱም እግሮቿ በልጅነት ልምሻ የቀጠኑ ናቸው። ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ለብሳለች። «አካም ቡልተን» ብላ በኦሮምኛ እንደምን አደርክ አለችኝ፤ እኔም የማውቃትን ያህል መለስኩላት። በር ከፍቼ ልደግፋት ስል እንዳልቸገር፣ ራቅ እንድልላት ብቻ በእጇ አሳየችኝና ክራንቾቹን አስቀድማ ብቻዋን ገባች።

መንገድ እንደጀመርን «እርስዎ» ስላት ሳቀች።

«እኩያሞች ነን፤ አንቺ በለኝ። እኔም አንተ ልበልህ» አለችኝ።

የሒሳብ አስተማሪ ናት። ከቤቷ ትምህርት ቤት ድረስ ጠዋትና ማታ በባጃጅ ትመላለሳለች። ዝናብ ሲጥል ባጃጁ መንደሯ ድረስ ስለማይገባ ዋናው መንገድ ላይ እንደሚያወርዳትና ጭቃው ውስጥ ክራንቹ እየሰመጠ ስንት ቀን እንደወደቀች ነገረችኝ። ስትነግረኝ አታማርርም፤ የሌላ ሰው ታሪክ እንደምታወራ ነው። ከዚያ ስለ መኪናው ትጠይቀኝ ጀመር። ቀለሙ ምንድን ነው? ነጭ አልኳት። ፍሬኑን በእጅ የሚያሠራው ዘንግ በቀኝ ነው በግራ? አላውቅም አልኳት። ከፍታውስ? እሱንም አላውቅም። የሻንሲ ቁጥሩን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ያንን ማንም አልጠየቀኝም።

«ቁጥሩን ብቻ ነው የምታውቀው?» አለችኝ እየሳቀች። «እኔ እንኳ የሒሳብ አስተማሪዋ እንዲህ አይደለሁም።»

ዶኒ መገንጠያን አልፈን ወደ አዳማ ስንቃረብ ከቦርሳዋ አንድ ፖስታ አወጣች። መኪናውን ለገዛችላት ሴት የጻፈችው የምስጋና ደብዳቤ ነው። ቴዲ፣ ውጭ አገር የምትኖር አንዲት በጎ አድራጊ ለአካል ጉዳተኛ መምህራን መኪና እንደምትገዛ፣ ስሟ እንዲገለጽ ግን እንደማትፈልግ ነግሯታል። አድራሻዋን ስትጠይቀው ዛሬ ነገ እያለ አልሰጣትም።

«የጉምሩኩን ሥራ የምትሠራው አንተ ከሆንክ አድራሻዋ አንተ ጋ ይኖራል» ብላ ፖስታውን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ውስጤን የነካኝ። ፋይሉን አውቀዋለሁ። ፋይሉ ውስጥ በጎ አድራጊ የምትባል ሴት የለችም። ያለው ውክልና ነው። እና ያ ውክልና መኪናውን ከጉምሩክ ለማውጣት ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ለመንዳት፣ ለማስነዳት፣ ለማከራየት፣ ለመሸጥና ለመለወጥ ነው የሚለው። የተወከለውም ቴዲ አይደለም፤ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ የአዲስ አበባ ነጋዴ ነው። ይህን ሁሉ አንብቤዋለሁ። አንብቤ ማኅተሙ ትክክል መሆኑን፣ ቀኑ አለማለፉን አረጋግጬ ወደሚቀጥለው ገጽ ገልጫለሁ።

አዳማ ስንገባ ጎማ ላስነፋ ብዬ ነዳጅ ማደያ ቆምኩ። ጎማው ምንም አልሆነም። ራቅ ብዬ ለቴዲ ደወልኩና ሴትየዋ መኪናው የእሷ እንደሚሆን እንደምታስብ ነገርኩት።

 ለእሷም የሚታሰብላት ነገር እንዳለ፣ የእናቷ ቤት ቆርቆሮ እንደሚቀየር፣ ማንም እንደማይጎዳ አስረዳኝ። መኪና መንዳት እንደማትችል፣ መብቱም እጇ ላይ ሆኖ የሚበላሽ ነገር እንደሆነ ጨመረልኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ደረጄ፣ አንተ አስተላላፊ ነህ። አስተላልፍ።»

ተመልሼ መሪዬን ያዝኩ። ከአዳማ እስከ ሞጆ ዓይኔን ከመንገዱ አላነሣሁም። እሷ ግን በመስኮት እያየች፣ መኪናውን ስትለምድ እናቷን መጀመሪያ የት እንደምትወስዳት ትነግረኛለች። እናቷ በሕይወቷ ከመቂ ወዲያ አልፋ አታውቅም፤ ላንጋኖን ልታሳያት ትፈልጋለች። ላስቆማት ወደድኩ፤ ግን ምን ብዬ?

አሁን ሳስበው ያን ጊዜ ልነግራት ያልቻልኩት ስለፈራሁ ብቻ አይደለም። ሥራዬ እንዳልሆነም አምኜ ነበር። ቅጽ ላይ የሌለ ጥያቄ የእኔ ጥያቄ አይደለም።

ደረቅ ወደቡ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኮንቴነሮቹ እንደ ፎቅ ተደርድረው በመካከላቸው ያለው መንገድ እንደ ምጣድ ይግላል። ወይዘሮ ሐያት ጥላ ይዛ መጣችና ጫልቱን ሰላም ብላ ጥላዋን ያዘችላት። እንዲህ ሆነን ቀስ እያልን መኪናው ወደቆመበት ሄድን።

መኪናውን ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ነጭ፣ ትልቅ፣ ከፍ ያለ፤ ለገጠር መንገድ የሚሆን ዓይነት። እንደ እኔ ያለ ጤነኛ ሰው እንኳ እጀታውን ይዞ፣ እግሩን አንሥቶ ነው የሚገባበት። ጫልቱ ክራንቿን ተደግፋ ለትንሽ ጊዜ ቆማ አየችው። ከዚያ ሁለት ጊዜ ሞከረች። በሦስተኛው እኔና ወይዘሮ ሐያት ግራና ቀኝ ደግፈን አነሣናት። ስትቀመጥ ግንባሯ ላይ ላብ ነበር። ግን እጆቿን መሪው ላይ አድርጋ ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ እንድታዩት አልመኝላችሁም።

ወይዘሮ ሐያት በኔ በኩል መጥታ በዝግታ፣ «ይህን ማን መረጠላት?» አለችኝ።

የኋላውን በር ልከፍት ሄድኩ።

በእጅ የሚሠራው ፍሬንና የቤንዚን መስጫ መኪናው ላይ አልተገጠመም። ከኋላ በካርቶን ተቀምጧል። ወይዘሮ ሐያት ካርቶኑን አስከፍታ አየችው፤ ዘንግ፣ ብሎኖች፣ አንድ ወረቀት። ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። መሣሪያው መኖሩን ማስተባበል አትችልም፤ ባለመብቷም በአካል ቀርባለች። በመጨረሻ ውሳኔዋን ነገረችኝ፦ መሣሪያው ተገጥሞ መኪናውን ባለመብቷ ራሷ እንደምትነዳው እኔ በጽሑፍ ካረጋገጥኩ ትለቃለች። ወረቀቱን ክሊፕቦርዷ ላይ አድርጋ ሰጠችኝ።

«እርስዎን አምናለሁ፣ አቶ ደረጄ። የእርስዎ ሰነድ ተመልሶ አያውቅም» አለችኝ።

እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ ፈርሜያለሁ፤ ሻይ እንደሚያዝዝ ሰው ሳላስብ ነው የምፈርመው። ያን ቀን ግን ስሜን ከመጻፌ በፊት ቀና ስል ጫልቱ በመስኮቱ እያየችኝ ነው። ማስረጃ አያስፈልገኝም ነበር። የምፈርምባት ሴት ፊት ለፊቴ ናት።

ዐሥር ደቂቃ እንድትሰጠኝ ወይዘሮ ሐያትን ጠየቅኋት። ጫልቱን ከመኪናው አውርደን አንድ ኮንቴነር ጥላ ሥር ወንበር አገኘንላት። ፋይሉን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«ይህን ውክልና ስትፈርሚ አንብበሽው ነበር?» አልኳት።

ቴዲ አስቸኳይ ነው ብሎ ውልና ማስረጃ ቢሮ ሰልፉ ላይ ሳለች እንደሰጣት፣ መኪናውን ከወደብ ለማውጣት የሚያገለግል ነው እንዳላት ነገረችኝ። እዚያ ሲነበብላት እንኳ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቃላቱ አልገቧትም ነበር። እኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ለመሸጥ፣ ለመለወጥ የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስጨርስ የነጋዴውን ስም ደገመችው። ታውቂዋለሽ ወይ አላልኳትም፤ እንደማታውቀው ፊቷ ይናገራል።

 ከባድ መኪና አልፎ አቧራው ሲወርድ እንኳ አልተነቃነቀችም። ከዚያ፣

«ሴትየዋ የለችም ማለት ነው» አለች።

«የለችም።»

«ደብዳቤውን መልስልኝ።»

መኪናዬ ድረስ ሮጬ አመጣሁላት። ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ነገር መንገር ግድ ሆነብኝ። በሰነድ ደረጃ መኪናው የእሷ ነው። ውክልናውን ዛሬውኑ መሻር ትችላለች። መሣሪያው ቢገጠምና ብትነዳው ቴዲ የት ሄዶ ይከሳታል? ገንዘቡን ያወጣው ነጋዴስ ምን ብሎ ይናገራል? ይህን ሁሉ ነገርኳት። ልቤም እውነቱን ለመናገር እንዲያ እንድታደርግ ይመኝ ነበር። እኔም ነፃ እወጣለሁ፤ የምፈርመውም እውነት ይሆናል።

አሰበችበት። ማሰቧን ፊቷ ላይ አየሁት፤ ጭቃውን፣ ባጃጁን፣ እናቷን ሁሉ እያየች እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

«ተማሪዎቼ ከሌላ ወረቀት ቀድተው ስማቸውን ከላይ ሲጽፉ መልሱ ልክ ቢሆንም ዜሮ ነው የምሰጣቸው» አለችኝ። «ስሜ አለበት ብዬ የእኔ ነው ልል አልችልም። አንሣኝ፤ ፈታሿን ላናግራት።»

ወይዘሮ ሐያት ፊት ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። አንድም ነገር ለራሷ እንዲያደላ አላደረገችም፤ «ሳላነብ መፈረሜ የእኔ ጥፋት ነው» አለች። ተራው የእኔ ሲሆን እኔ ግን አንብቤ መፈረሜን ተናገርኩ። ከእሷ ጥፋት የእኔ እንደሚብስ የገባኝ እንደዚያ አፌን ከፍቼ ስናገረው ነው። ቃላችን ተጽፎ ፈረምን። መኪናው እዚያው ታገደ።

ስንመለስ ብዙም አልተነጋገርንም። መልካሳ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሳወርዳት ክራንቿን አስተካክላ፣ «መኪናው ላይ የወጣሁት ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከፍ ብሎ ማየት ጥሩ ነው» አለችኝ። ከዚያ «ገለቶማ» ብላኝ ገባች። ለምን እንዳመሰገነችኝ ዛሬም በደንብ አልገባኝም።

የሆነውን ልቀጥል። ቴዲ ስልክ ላይ የተናገረኝን አልጽፈውም። የእሱን ሥራ ብቻ ሳይሆን በእሱ በኩል የመጡትን ሌሎች ደንበኞች ሁሉ አጣሁ። ጉዳዩ እስኪጣራ ፈቃዴ ታግዶ ቤት ተቀመጥኩ። ባለቤቴ፣ «ሌላው ሁሉ ዝም ሲል አንተ ምን አግብቶህ?» ብላኝ አታውቅም፤ ግን ወሩ ሲያልቅ ዝም የምትልበትን አኳኋን አውቀዋለሁ። ምስክር ሆኜ ሁለት ጊዜ ቀረብኩ። ፈቃዴ በኋላ ተመለሰልኝ፤ ቢሮዬን ግን ከፎቁ አውርጄ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አዛወርኩ።

ጫልቱም መንዳቷ አልቀረም። በመምህራን ቁጠባዋ ላይ ብድር ጨምራ እዚሁ አገር የተገጣጠመ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለ ሦስት እግር ገዛች። የእግር ፍሬኑን አዳማ ያለ አንድ ጋራዥ ወደ እጅ ለወጠላት፤ ፈቃዱንና የደኅንነት ምርመራውን ለመጨረስ የወሰደባት ጊዜ የሚገርም ነው፤ ያንን ወረቀት እየተከታተልኩ ያስጨረስኩላት እኔ ነኝ። ዝናብ ሲጥል እስከ ቤቷ በር ትደርሳለች። ላንጋኖ ግን ሩቅ ነው፤ እናቷ እስካሁን አላየችውም።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍኩት ጀግና ነበርኩ ለማለት አይደለም። ያን ቀን ወይዘሮ ሐያት «በአካል ትቅረብ» ባትል ኖሮ እፈርም ነበር። ምንም ሳይሰማኝ፣ በንጹሕ ኅሊና። ሰነዱ የተሟላ ነበራ። በየመሥሪያ ቤቱ እንደ እኔ የምትፈርሙ ብዙ ናችሁ፤ ሐሰት እየጻፍን እንደሆነ አናውቅም፤ ምክንያቱም የተጻፈበትን ሰው አናይም። እኔ አሁን ባለቤቱን ሳላገኝ፣ ለምን እንደሚፈልገው ከራሱ አፍ ሳልሰማ ዲክላራሲዮን አልሞላም። ደንበኞች ይቆጣሉ፤ ሥራዬም ቀንሷል።

ግን የባሰብኝን ነገር ገና አልነገርኳችሁም።

ፈቃዴ ታግዶ ቤት በተቀመጥኩበት ሰሞን የድሮ ፋይሎቼን አውጥቼ አየሁ። በቴዲ በኩል የመጡ፣ በአካል ጉዳተኞች ስም የፈረምኩባቸው አራት ፋይሎች አገኘሁ። ለጉምሩኩ አሳወቅኩ፤ ያ ብቻ ግን አላስቻለኝም። ሰዎቹን ፍለጋ ወጣሁ። አንደኛው መቂ ነበር፤ በሰነዱ ላይ ስማቸው ሁሴን ይባላል፤ አንድ እግራቸው የተቆረጠ። እየጠየቅኩ ቤታቸው ደረስኩ። በሩን የከፈቱልኝ ሚስታቸው ናቸው።

ሁሴንን ፈልጌ እንደመጣሁ ስነግራቸው እንድቀመጥ ጋበዙኝ። ከሞቱ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው ነገሩኝ። የሞቱበትን ቀን ስጠይቃቸው ነገሩኝ፤ በልቤ ከፋይሉ ጋር አነጻጸርኩት። መኪናው ወደብ በገባበት፣ እኔ «ባለመብቱ ራሳቸው ይነዱታል» ብዬ በፈረምኩበት ቀን ሰውዬው ከተቀበሩ አምስት ወር ሆኗቸው ነበር።

ለምን እንደመጣሁ መናገር ነበረብኝ። በባልዎ ስም መኪና ገብቶ ነበር አልኳቸው፤ ትልቅ መኪና፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ሴትየዋ ነገሩ እንዳልገባው ሰው አዩኝ። ከዚያ አንድ ሰው ከተማ ድረስ ወስዶ ባላቸውን አንድ ወረቀት እንዳስፈረማቸው፣ እርዳታ ይመጣል ብሎ እንደነበረና ተመልሶ እንዳልመጣ አስታወሱ። አልተቆጡም። ነጠላቸውን አስተካክለው በሩ ላይ ወደሚታየው አቧራማ መንገድ እያዩ እንዲህ አሉኝ፦

«በእሱ ስም መኪና? ሲታመም ሐኪም ቤት ያደረስነው እኮ በጋሪ ነው፣ ልጄ።»